የእንጉዳይ ቅባቱና የአባዬ እግር

ነገሩ የጀመረው በአንዲት የሸሚዝ ቁልፍ ነው። አባዬ ማታ ጫማውን ሲያወልቅ ከውስጡ ወደቀች። ነጭ፣ ትንሽ፣ ባለ አራት ቀዳዳ። ቀኑን ሙሉ ረግጧት ውሏል፤ ምንም አልተሰማውም። ካልሲው ላይ የደረቀ ቡናማ ነጠብጣብ አየሁ። ውስጥ እግሩን ገልብጬ ሳይ ከአውራ ጣቱ ሥር፣ መሬት በሚረግጥበት ጉብታ ላይ፣ ቆዳው ተልጦ ቀይ ሥጋ ይታያል።

«አያመኝም እኮ» አለኝ።

ልቤን ያራደው ይኸው አለማመሙ ነው። አባዬ ስኳር ካለበት 16 ዓመት ሆኖታል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ ስኳርም እንደዚያው ነው። መጀመሪያ ጣቶቹን ደነዘዘው። ቀጥሎ ተረከዙን። «እግሬ ጥጥ የረገጠ ይመስለኛል» ይል ነበር። እኛም ዕድሜ ነው እያልን እናልፈው ነበር።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬን ይዤ ስፈልግ አደርኩ። «የስኳር ቁስልን የሚያድን የእንጉዳይ ቅባት» የሚል ማስታወቂያ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ከቅባቱ በፊትና ከቅባቱ በኋላ የሚሉ ፎቶዎች አሉት። «ሴልን ያድሳል፣ ደም ያጠራል፣ ኢንፌክሽን ይከላከላል» ይላል። ሳላመነታ አዘዝኩ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ቅባት ግምገማ ነው። የአምራቹን ስም አልጠራም፤ አንድ ዓይነት ነገር የያዙ ቅባቶች ብዙ ናቸው፣ የምለውም ለአብዛኞቹ ይሠራል። እንደኔ ሌሊት ላይ ስልክ ይዞ የሚፈልግ ሰው እንዲያነበው ብዬ ነው የጻፍኩት።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው። 50 ግራም የሚይዝ የአሉሚኒየም ቱቦ ነው። ካርቶኑ ላይ ቀይ ቡናማ፣ ቫርኒሽ እንደተቀባ ጣውላ የሚያብለጨልጭ እንጉዳይ አለ። ሪሺ የሚሉት ነው። ቻይናውያን ሊንግዢ ይሉታል፣ የሳይንስ ስሙ ጋኖደርማ ሉሲደም ነው። ሉሲደም የሚለው ቃል ራሱ የሚያበራ፣ የሚያብረቀርቅ ማለት ነው። ቅባቱ ግን አያብረቀርቅም። ቀለሙ ፈዛዛ ሸክላ ነው። ሽታው ዝናብ የነካው እንጨት ይመስላል፤ እኔ ወድጄዋለሁ። ሲቀቡት አይጨማለቅም፣ አያቃጥልም፣ ጨርቅ ላይ እድፍ አይተውም። እንደ ቅባት ብቻ ካየነው በደንብ የተሠራ ነው። የቱቦው ክዳንም ጠንካራ ነው፤ ሁለት ጊዜ ወድቆ አልተሰነጠቀም።

ጽሑፉን ሳነብ ግን ቅር አለኝ። የያዛቸው ነገሮች ተዘርዝረዋል፦ ውሃ፣ ግሊሰሪን፣ የሪሺ ጭማቂ፣ እንዳይበላሽ የሚጠብቀው ኬሚካል፣ ሌላም። የሪሺው ጭማቂ ስንት እጅ እንደሆነ አልተጻፈም። ጎላ ባሉ ፊደላት «ፖሊሳካራይድ 30 ፐርሰንት» ይላል። ከምኑ 30 ፐርሰንት? ከጭማቂው ይሁን ከቅባቱ አይታወቅም። ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

አጠቃቀሙ ቀን ሁለት ጊዜ ነው። ጠዋትና ማታ ቁስሉን አጥቤ ቀባሁት፣ በጎዝ ሸፈንኩት። ቀን በቀን ፎቶ አነሳሁ። በአራተኛው ቀን ዙሪያው ያለው የደረቀ ቆዳ ለሰለሰ። ቁስሉም ፈካ ያለ መሰለኝ። ለእህቴ ፎቶውን ላኩላት፤ «ተመስገን፣ እየዳነ ነው» ብላ መለሰችልኝ። እኔም እንደዚያው አምኜ ነበር።

በ11ኛው ቀን ጠርዙ ነጣ። ልብስ ሲያጥብ የዋለ ጣት እንዴት እንደሚጨማደድ ታውቃላችሁ? ልክ እንደዚያ ሆነ። ቆዳው ውሃ ጠጥቶ ራሰ። እኔ ግን አዲስ ቆዳ እየበቀለ ነው ብዬ ተረዳሁት። በ17ኛው ቀን ጎዙ ላይ የሚወጣው እዥ በዛ። አባዬ እንደልማዱ ይሄዳል፣ ይወጣል፣ ይገባል። ስለማያመው አያነክስም። ጤነኛ ሰው እግሩ ላይ ሲቆስል ሳያስበው ክብደቱን ወደ ሌላኛው ያዛውራል፤ ሕመሙ ነው የሚያስገድደው። አባዬን የሚያስገድደው ነገር የለም።

በ19ኛው ቀን ወደ እግር ክሊኒክ ወሰድኩት። 19 ቀን መዘግየቴ የእኔ ጥፋት ነው። ቅባቱ አቁስሎት አይደለም፤ ግን ቅባቱን ተስፋ አድርጌ ነው የዘገየሁት። እንዲህ ያለ ዕቃ የሚያደርሰው ትልቁ ጉዳት ይኼ ይመስለኛል። ቀን ይበላል። የስኳር ቁስል ደግሞ ቀን የሚሰጥ ቁስል አይደለም። ኢንፌክሽን ከገባው በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ አጥንት ሊወርድ ይችላል።

ሲስተሯ ጓንቷን አጥልቃ መጀመሪያ ቅባቱን በሳላይን፣ ማለትም በንጹህ የጨው ውሃ፣ አጥባ አነሳችው። ቀጥላ ምላጭ ያዘች። በቁስሉ ዙሪያ የተከመረውን ደንዳና ቆዳ እርሳስ እንደሚቀረጽ ስስ ስስ አድርጋ ላጠችው። አባዬ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፣ ምንም አይሰማውም። እኔ ግን ጥርሴን ነክሻለሁ። ደንዳናው ቆዳ ሲነሳ ቁስሉ እኔ ስቀባው ከነበረው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። እስከዚያ ቀን ያየሁት በሩን ነበር፤ ክፍሉ ከሥር ነው። እኔ ቀን ሁለት ጊዜ በሩን እቀባ ነበር።

ከዚያ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ ቀጭን ብረት አስገብታ ወደ ታች ፈተሸች። ብረቱ ጠጣር ነገር ከነካ አጥንት ነው ማለት ነው፤ ያኔ የአጥንት ኢንፌክሽን ይጠረጠራል። ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ። አልነካም። የእግሩን የደም ግፊት ከክንዱ ጋር አወዳድራ ለካች፤ ደም ይደርሳል። ይህን ሁሉ ሳታደርግ ስለ መድኃኒት አንድ ቃል አልተናገረችም።

አንድ ነገር ግን ከዓይኔ አይጠፋም። አንዲት የናይለን ክር አወጣች። 10 ግራም ጫና ሲያርፍባት የምትታጠፍ ናት። «አባባ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ። ስነካዎት አሁን ይበሉኝ» አለችው። አባዬ ጨፈነ። ክሯ አውራ ጣቱ ላይ አርፋ ተለመጠች። ዝም አለ። ከጉብታው ላይ አሳረፈቻት። ዝም። ተረከዙ ላይ። ዝም። ትንሽ ቆይቶ «ሲስተር፣ አልጀመርሽም እንዴ?» አላት። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ቱቦውን ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየኋት። «ሲስተር፣ ይሄን ልቀጥል?»

ዙሪያውን አገላብጣ አነበበችው። አልተቆጣችኝም። «ቅባቱ ጠላትሽ አይደለም» አለችኝ። «አባባ ግን ሙሉ ክብደታቸውን እየጫኑበት ሲሄዱ ምን ብትቀቢ አይጠግግም። መጀመሪያ ጫናውን እናንሳለት።» ክፍት ቁስል ላይ እንዳልቀባው፣ ማንኛውም ቅባት ጣቶቹ መሃል እንዳይገባም አስጠነቀቀችኝ። ስስ ላስቲክ ቁስሉ ላይ ዘርግታ ዙሪያውን በስክሪብቶ ነደፈችው። 2.3 በ1.7 ሴንቲ ሜትር። «በአራት ሳምንት ውስጥ ስፋቱ በግማሽ ካልቀነሰ አካሄዳችንን እንቀይራለን» አለች። ቁጥር ያለው ተስፋ ሲሰጠኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው። የቅባቱ ማስታወቂያ እንዲህ ያለ ቀነ ቀጠሮ የለውም።

ቤት ስመለስ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። እንጉዳይ ቁስል ያድናል የሚለው ነገር ባዶ ወሬ ነው ወይስ ሥር አለው? ለሳምንታት አነበብኩ። ሥር አለው። ሥሩና ቱቦው መሃል ግን ረጅም መንገድ አለ።

ፈንገስ ከሰው ቁስል ጋር የተዋወቀው ዛሬ አይደለም። በ1991 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአልፕስ ተራሮች በረዶ ውስጥ አንድ ሰው ተገኝቷል፤ ከሞተ ከ5,000 ዓመት በላይ ሆኖታል። ከያዛቸው ነገሮች መሃል በጠፍር የታሰሩ ሁለት ቁራጭ የዛፍ እንጉዳዮች ነበሩ። ለምን እንደያዛቸው አልጻፈልንም፤ ብዙዎቹ ተመራማሪዎች ግን ለመድኃኒት ነው ይላሉ። ሌላ የዛፍ እንጉዳይ ደግሞ አውሮፓ ውስጥ ሐኪሞች ደም ለማቆም ቁስል ላይ ይጭኑት ነበር። ፔኒሲሊንስ? በ1928 አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ሳህን ላይ ያያት ሻጋታ ፈንገስ ናት። ስለዚህ «እንጉዳይ ምን ያደርጋል?» ብሎ ማጣጣል ተገቢ አይደለም።

የስኳር ቁስል ለምን እንደማይድን ሳውቅ ደግሞ የእንጉዳዩ ሐሳብ ይበልጥ ገባኝ። ጤነኛ ቁስል መጀመሪያ ደሙ ይቆማል። ከዚያ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ይግላል። ከዚያ ቀይ ሥጋ ይሞላዋል። በመጨረሻ ቆዳ ይለብሳል። የስኳር ቁስል ሁለተኛው ላይ ተቸክሎ ይቀራል። ማክሮፋጅ የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች አሉ። መጀመሪያ ተዋጊና ቆሻሻ ጠራጊ ሆነው ይመጣሉ። ሥራው ሲያልቅ ጠባያቸውን ቀይረው ጠጋኝ መሆን አለባቸው። በደም ውስጥ ስኳር በዝቶ ሲቆይ ይህ ለውጥ ይዘገያል። ተዋጊዎቹ ጦርነቱ ካለቀ በኋላም መሣሪያ አያወርዱም። ቁስሉ ሳምንት አልፎ ወር ቢሆነውም እንደ ትናንት ቁስል ይኖራል።

እንጉዳይ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የፈንገስ ሴል ግድግዳ ቤታ ግሉካን የሚባል የስኳር ሰንሰለት አለው። የሰው አካል ይህን ነገር አይሠራም። ስለዚህ ሲያገኘው ባዕድ መሆኑን ወዲያው ያውቃል። ማክሮፋጆች ላይ ዴክቲን-1 የሚሉት ተቀባይ አለ። ቤታ ግሉካንን የሚይዘው እሱ መሆኑ የታወቀው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው። ሲይዘው ሴሉ ይነቃል፣ መልእክት ይለቃል፣ ሌሎችን ይጠራል። ሐሳቡ እንግዲህ ይህ ነው፤ የተቸከለውን ቁስል በእንጉዳይ ስኳር ቀስቅሶ ወደ ቀጣዩ ደረጃ ማሻገር። ሪሺ በተጨማሪ ጋኖደሪክ አሲድ የሚባሉ መራራ ነገሮች አሉት። በላቦራቶሪ እብጠትን ሲያበርዱ ታይተዋል።

ጥናቶችም አሉ። በ2012 የሪሺ ፖሊሳካራይድ ስኳር በያዛቸው አይጦች ላይ ቁስልን እንዳፋጠነ ታትሟል። በ2013 ደግሞ የሪሺ ቅባት በአይጦች ተሞክሮ ጥሩ ውጤት ተገኝቷል። ስፓራሲስ ክሪስፓ የሚባል፣ አበባ ጎመን የሚመስል እንጉዳይም በ2009 ለአይጦች ተሰጥቶ ቁስላቸው ቶሎ ተዘግቷል። የገዛሁት ቅባት ማስታወቂያ «በሳይንስ የተረጋገጠ» የሚለው እነዚህን የመሰሉትን ይዞ ነው። አይጦች መሆናቸውን ግን አይናገርም።

አይጥነቱ ትልቅ ነገር ነው። የአይጥ ቆዳ ልል ነው። ከሥሩ ቀጭን ጡንቻ አለው፤ ቁስል ሲከፈት ያ ጡንቻ ጠርዞቹን እንደ ከረጢት አፍ ይሰበስባቸዋል። ብዙው የአይጥ ቁስል የሚዘጋው በመሰብሰብ ነው። የሰው ውስጥ እግር ቆዳ ግን ከሥሩ ጋር ጥብቅ ብሎ የተያያዘ ነው፣ እንደዚያ አይሰበሰብም። ከታች ሥጋ ሞልቶ፣ ከዳር ቆዳ ተስቦ ነው የሚድነው። ሌላም አለ። በእነዚህ ሙከራዎች አይጦቹ ብዙውን ጊዜ ስኳር የሚይዛቸው ስትሬፕቶዞቶሲን በሚባል መድኃኒት ነው። መድኃኒቱ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሴሎች ይገድላል። አይጧ ስኳር ከያዛት ሳምንታት ነው፤ አባዬን ከያዘው 16 ዓመት። ነርቩ ሞቷል፣ እግሩ ቅርጹን ለውጧል። የአይጧ ቁስል ጀርባዋ ላይ ነው። ጀርባ ደግሞ ክብደት አይሸከምም። ይህን ሳነብ ሲስተሯ ያለችኝ ቃል ትዝ አለኝ።

በሰው ላይ የተሞከረ ነገር ፈልጌ ያገኘሁት ከእንጉዳይ ሳይሆን ከእርሾ ነው። እርሾም ፈንገስ ነውና የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ነው። በ2014 የታተመ ጥናት ነው፤ 60 የሚሆኑ የስኳር እግር ቁስል ያለባቸው ሰዎች ገብተውበታል። ግማሹ ከዳቦ እርሾ የወጣ ቤታ ግሉካን ተቀባ፣ ግማሹ ቤታ ግሉካን የሌለበት ተመሳሳይ ፈሳሽ። በ12 ሳምንት ከቤታ ግሉካኖቹ 59 ፐርሰንት ዳኑ፣ ከሌሎቹ 37 ፐርሰንት። ደስ ይላል። ግን ሰዎቹ ጥቂት ስለሆኑ ልዩነቱ በአጋጣሚም ሊመጣ ይችላል፤ ስሌቱም እንደዚያ ነው የሚለው። አንድ ነገር ልብ በሉ። ቤታ ግሉካን ሳይቀቡ፣ ደህና ክትትል ብቻ አግኝተው የዳኑት ከሦስት ሰው አንድ በላይ ናቸው። «ቀብቼው ዳነ» የሚል ምስክርነት ስታነቡ እነዚህን ሰዎች አስታውሱ።

ወደ 30 ፐርሰንቱ ልመለስ። ፖሊሳካራይድ ማለት ረጅም የስኳር ሰንሰለት ማለት ነው። ስታርችም ፖሊሳካራይድ ነው። አንዳንድ አምራቾች እንጉዳዩን ራሱን አይጠቀሙም። እንጉዳዩ የሚበቅልበትን ሥር መሰል ክር እህል ላይ አብቅለው ከነእህሉ ይፈጩታል። ያኔ «ፖሊሳካራይድ» ሲለካ የእህሉ ስታርችም አብሮ ይቆጠራል። በ2017 የታተመ ጥናት አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ 19 የሪሺ ምርቶችን መርምሮ እንደ ጽሑፋቸው ሆነው ያገኘው 5ቱን ብቻ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ዕቃ የምትገዙ ከሆነ «ቤታ ግሉካን» ተብሎ ከነመጠኑ መጻፉን እዩ። የእንጉዳዩ ሙሉ ስምና የትኛው ክፍሉ እንደሆነም መገለጽ አለበት። የእኔ ቱቦ ሁለቱንም የለውም። ለሻጩ ጽፌ ጠየቅሁ። «ምርታችን ከፍተኛ ጥራት ያለው ነው» የሚል መልስ መጣ። ደግሜ ጻፍኩ፤ ያው መልስ ድጋሚ መጣ። አዝኛለሁ። የታመመ ሰው ቁስል ላይ የሚቀባ ነገር የሚሸጥ ሰው፣ በውስጡ ምን ያህል ምን እንዳለ መናገር አለበት።

ከቅባቱ ጋር «አብሮ ቢወሰድ ይበልጥ ይሠራል» የተባለ የሪሺ ካፕሱልም ይሸጣሉ። አልገዛሁም። አባዬ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳል፤ ሪሺ በአፍ ሲወሰድ ከዚያ ጋር ተደርቦ ደም መፍሰስ ሊያባብስ ይችላል። ስኳር እንዲያወርድ ከሆነም በአውስትራሊያ 84 ሰዎች ለ16 ሳምንት ተከታትለው የታተመ የ2016 ጥናት አለ። ሪሺ የወሰዱት የሦስት ወር አማካይ የደም ስኳራቸው ካልወሰዱት አልተለየም። ካፕሱሉን ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ መጀመሪያ ሐኪማችሁን ጠይቁ። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ዘርዝራችሁ ንገሩት።

የአባዬስ እግር? መጀመሪያ የሚወልቅ ትልቅ ቡት ተሰጠው። ክብደቱን ከጉብታው ላይ አንስቶ ወደ ቅልጥሙና ወደ ሌላው የእግሩ ክፍል ይበትነዋል። በሳምንቱ ስንመለስ ሲስተሯ የቁስሉን ዳር በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። «አባባ፣ ሌሊት ያለ ቡቱ ይነሳሉ አይደል?» አለችው። አባዬ አቀረቀረ። ሽንት ቤት ቅርብ ነው ብሎ በባዶ እግሩ ይሄድ ነበር ለካ። ደንዳናው ቆዳ በሰባት ቀን ተመልሶ ቀለበት ሠርቷል። ቆዳው አሳበቀበት።

ስለዚህ እስከ ጉልበቱ ሥር ጀሶ ተደረገለት። በየሳምንቱ ይቀየራል። ኢንፌክሽን እንደሌለውና ደም በደንብ እንደሚደርስ ካረጋገጡ በኋላ ነው ያደረጉለት፤ ያለዚያ አይደረግም። ጀሶ ከባድ ነው፣ ያሳክካል፣ ሰው ያናድዳል። «ልጄ፣ ይህን ነገር አውልቂልኝ» ያለኝን ቀን አልረሳውም። እጄን ይዞ ነበር ያለኝ። አላወለቅሁለትም። ሻይ ልቅዳልህ ብዬ ወጣሁና ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ላስቲኩ ላይ የተነደፈው ቅርጽ ሳምንት በሳምንት አነሰ። በአራተኛው ሳምንት ከግማሽ በታች ሆነ። በስድስተኛው የምስር ፍሬ አከለ። በስምንተኛው ሳምንት ጀሶው ሲቆረጥ ከሥሩ ሮዝ፣ ስስ፣ የሕፃን ቆዳ የመሰለ ነገር ወጣ። ጠግጓል። በነዚያ ስምንት ሳምንታት አንድ ጠብታ የእንጉዳይ ቅባት አልነካውም። ማጠብ፣ ደንዳናውን መላጥ፣ ተራ ጎዝ፣ ስኳሩን መቆጣጠር፣ ጀሶ። ይኸው ነው።

ለቅባቱ ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ ከአምስት ሁለት እሰጠዋለሁ። ሁለቱም ለቆዳ ማለስለሻነቱ ነው፤ የተሰነጠቀ ተረከዝ በእውነት ያለሰልሳል። ለክፍት የስኳር ቁስል ግን ዜሮ ነው። የዓለም አቀፉ የስኳር እግር ሥራ ቡድን በ2023 ባወጣው መመሪያም ቁስል ለማዳን ብቻ ተብሎ ባህላዊ የዕፅ መድኃኒት የተነከረበት መሸፈኛ እንዳይደረግ ይመክራል። በእንጉዳዩ ሳይንስ ግን ተስፋ አልቆረጥኩም። አንድ ቀን የተጣራ፣ መጠኑ የታወቀ፣ በብዙ ሰው ላይ የተፈተነ ቤታ ግሉካን በክሊኒኩ ጠረጴዛ ላይ ቢቀርብ፣ ያቺው ሲስተር ብትቀባው፣ ከጎኗ ቆሜ ደስ እያለኝ አያለሁ። ዛሬ በስልክ የሚታዘዘው ቱቦ ያ አይደለም።

አሁን ላይ ቁስል ያለባችሁ ወይም የቆሰለ ሰው የምታስታምሙ፦ እግሩ ካበጠ፣ ከቀላ፣ ከሸተተ፣ መግል ከያዘ ወይም ካተኮሰው የዛሬን ቀን አታሳልፉ። ይህ ሁሉ ባይኖርም በስኳር ታማሚ እግር ላይ የተከፈተ ቁስል በራሱ ለመሄድ በቂ ምክንያት ነው። እኔ 19 ቀን አባክኛለሁ፤ እናንተ አንድም አታባክኑ።

ቁስሉ ከተዘጋ በኋላም ነገሩ አላለቀም። ከዳኑት ከመቶ 40 የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ ተመልሰው ይቆስላሉ። ስለዚህ ማታ ማታ አባዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፤ እኔ ከሥሩ መስታወት ይዤ እንበረከካለሁ። ጣት በጣት እናያለን። ጠዋት ጫማውን ከመልበሱ በፊት ገልብጦ ያራግፈዋል፣ ከዚያ እጁን አስገብቶ ይዳስሳል። እጁ ገና ይሰማል።

ቱቦው ግማሽ ያህሉ ቀርቷል። አልጣልኩትም። የደረቀውን የግራ ተረከዙን እቀባዋለሁ፣ ጣቶቹ መሃል ሳላስነካ። ትናንት ማታ ስቀባው ሽታውን አሽትቶ «ዝናብ ዝናብ ይላል» አለኝ።